በአርፒጂ የቡድን ጓድ ሲሞት የሚያመው ምኑ ነው? (ስፖይለር አለው)

#1 የማታ_ኮከብ

አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። በዚህ ክር የፋይናል ፋንታሲ 5፣ 6 እና 7፣ የፋንታሲ ስታር 2፣ የማስ ኢፌክት፣ የሱይኮደንና የክሮኖ ትሪገር ሞቶች በስማቸው ይነሳሉ። ያልጨረሳችሁት ካለ መጀመሪያ ጨርሱት፤ ክሩ እዚሁ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄዬ ስለ አሠራሩ ነው። መጽሐፍም ፊልምም ሰው ገድሎ ያሳዝናል። አርፒጂ ላይ፣ ማለትም ገጸ ባህሪያትን እየመሩ በሚያሳድጉበት የቪዲዮ ጌም ላይ፣ የሚሞተው ግን ተጫዋቹ በእጁ ያሳደገው ሰው ነው። ትጥቁን የመረጠለት፣ ሌቭሉን ያሳደገለት፣ ተራው በደረሰ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ የወሰነለት እሱ ነው። ስለዚህ እኔ የምከራከረው ይህን ነው፦ ትልቁ ሕመም ያለው ከሞቱ በኋላ በሚመጣው ተራ ውጊያ ላይ ነው። ተጫዋቹ በልማድ «አሁን እሷ ታክመን» ብሎ ሲፈልጋት ቦታዋ ባዶ ይሆናል።

ሁሉም የሚያውቀውን ምሳሌ ልውሰድ። በ1997 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 ሦስት ዲስክ ነበረው፤ የቡድኑ ጓድ ኤሪስ የምትሞተው በአንደኛው መጨረሻ ላይ ነው። የጌሙ ክፉ ሴፊሮስ ከላይ ወርዶ ይወጋታል፣ ነጩ ማቴሪያ (አስማት ያለው ድንጋይ) ከጸጉሯ ወድቆ በደረጃው እየነጠረ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ወዲያውም ጄኖቫ ከምትባለው ጭራቅ ጋር ውጊያ ይጀመራል። እዚያ ላይ የሚጠበቀው የቦስ (የትልቅ ጠላት) ሙዚቃ ነበር። የአቀናባሪው ኖቡዎ ኡዌማትሱ የኤሪስ ዜማ ግን ሳይቋረጥ ውጊያውን እስከ መጨረሻው ያጅበዋል። እጅ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ጆሮ ለቅሶ ይሰማል። ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ እንዲያለቅስ አልተተወም፣ እንዲረሳም አልተፈቀደለትም።

ሌላም አለ። የኤሪስ የመጨረሻው ሊሚት ብሬክ (ልዩ የውጊያ ችሎታ)፣ ግሬት ጎስፕል፣ ከመሞቷ በፊት ሊገኝ ይችላል። ጌሙ «ይህቺ ለመሞት ናት» ብሎ ቀድሞ አላሳነሳትም፤ እስከ ጫፍ ድረስ የማደጊያ ቦታ ሰጥቷታል።

የማይመቸኝ አንድ ነገር ፊኒክስ ዳውን ነው። የወደቀን ሰው በየውጊያው የሚያነሳ ዕቃ በከረጢት ሞልቶ ሳለ እዚህ ለምን አይሠራም? ይህን ቀዳዳ በደንብ የደፈነ ጌም የምታውቁ ንገሩኝ።

#2 ባለ_ጦሩ

ቀዳዳው ከዚያ በፊት ተደፍኗል፣ በዚያው ተከታታይ ውስጥ። በ1992 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 5 ላይ ጓዱ ጋሉፍ ብቻውን ከክፉው ኤክስዴስ ጋር ይገጥማል። ኤችፒው (የሕይወት ነጥቡ) ዜሮ ይደርሳል፤ እሱ ግን አይወድቅም። ዜሮ ላይ ቆሞ መምታቱን ይቀጥላል። ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ «ዜሮ ማለት መውደቅ ነው» ተብሎ ተምሯል። ያ ሕግ ዓይኑ እያየ ሲጣስ፣ እየተከፈለ ያለው ሌላ ዋጋ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ከውጊያው በኋላ ጓደኞቹ የተጫዋቹን ጥያቄ ራሳቸው ይጠይቁለታል። የፈውስ አስማት ይሞክራሉ፣ ፊኒክስ ዳውን ይሞክራሉ፣ ኤሊክሲርም ይሞክራሉ። አንዱም አይሠራም። «ዕቃው ለምን አልተሞከረም» የሚል ክርክር ከዚያ በኋላ ቦታ የለውም፤ ተሞክሯል።

ቀጥሎም የልጅ ልጁ ክሪል ገብታ ያሳደገውን ችሎታ ሁሉ ትወርሳለች። የተጫዋቹ ድካም አልባከነም። የማታ ኮከብ፣ እዚህ ላይ ሐሳብህን በከፊል እቃወማለሁ። የጋሉፍ ቦታ ባዶ አይደለም፣ ቁጥሮቹም ያው ናቸው፤ ያም ሆኖ ያማል።

#3 ሰማያዊ_ቀለም

አንድ የቆየ ልጨምር። ፋንታሲ ስታር 2፣ 1989፣ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ። እዚያ የሞተ ጓድ ወደ ክሎን ላብ ተወስዶ በገንዘብ ይነሳል፤ ሕጉ ከመጀመሪያው ከተማ ጀምሮ ግልጽ ነው። ጓዷ ኔይ ከጠላቷ ከኔይፈርስት ጋር ተዋግታ ስትሞት ግን ክሎን ላቡ ሊያነሳት አይችልም። ሞትን ተራ የሂሳብ ጉዳይ ያደረገው ቦታ ራሱ «ይህን አልችልም» ሲል ያ በር ለእሷ ብቻ ተዘጋ ማለት ነው። መነሳትን ያስለመደ ጌም እምቢታውን በዚያው በለመደው ቦታ ማስነገር አለበት።

#4 ኮድ_ጸሐፊው

የሁላችሁንም እቀበላለሁ። እኔ ለሚሠሩ ሰዎች ከጀርባ ያለውን ልናገር፤ ብዙ ሞት የሚበላሸው እዚያ ነውና።

የሞተውን ገጸ ባህሪ ከዳታው ላይ አታጥፉት። ሱቁ፣ የቡድን መምረጫው፣ የውጊያው ቅደም ተከተል፣ የጎን ተልእኮዎች ሁሉ ስሙን ይጠራሉ፤ ካጠፋችሁት ጌሙ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። መዝገቡ ይኑር፣ «ሞቷል» የሚል ምልክት ይደረግበት፣ ሌላው ሁሉ ያንን ምልክት እያየ ይወስን።

ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ። ከትዕይንቱ በፊት ሴቭ የሚደረግበት (ጨዋታው የሚቀመጥበት) ቦታ ይኑር። ትዕይንቱ ሲያልቅ መጀመሪያ ለታሪኩ የግድ የሆኑ ዕቃዎች ከሰውዬው ላይ ይውጡ፣ ቀጥሎ ትጥቁ ወደ ጋራ ከረጢት ይግባ፣ ከዚያ የቀረው ቡድን ቀጣዩን ውጊያ መጀመር በሚያስችል ቁጥር ላይ መሆኑ ይታይ። ምልክቱ የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው። ምልክቱ ከቀደመ የዕቃ ማውጫው ሰውዬውን «የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ የተጫዋቹ ምርጥ ሰይፍም ከሞተው ጋር ተቆልፎ ይቀራል።

ትጥቁ ይመለስ ወይስ አብሮ ይቀበር? ይመለስ። የሚጠፋ ከሆነ ወሬው ይሰማል፤ ሁለተኛ የሚጫወት ሰው ከትዕይንቱ በፊት ልጅቷን አራቁቶ ወደ ሞቷ ይልካታል። ፋይናል ፋንታሲ 7 እንኳ የኤሪስን ማቴሪያ ይመልሳል። ለስሜት የምትፈልጉት ነገር ካለ ከተመለሱት ዕቃዎች የአንዱን መግለጫ ጽሑፍ ቀይሩ። ትናንት «መከላከያ +12» ብቻ ይል የነበረ አምባር ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር። ወጪው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፣ ተጫዋቹ የሚያገኘውም ማንም ሳያሳየው በራሱ ጊዜ ነው።

የሚተካው ሰው ሌቭል 1 ላይ ሆኖ ከገባ ተጫዋቹ ማዘኑን ትቶ ይናደዳል፣ ንዴቱም በእናንተ ላይ ነው። የሞተውን ሌቭል ስጡት፤ ቢበዛ ከቡድኑ አማካይ አንድ ሁለት ዝቅ ይበል።

ችሎታዎቹንም ቁጠሩ። ቁልፍ የምትከፍተው እሷ ብቻ ከነበረች ከሞቷ በኋላ ያሉት የተቆለፉ ሣጥኖች ምን ይሆናሉ? ዋናው መንገድ ላይ አንድም መቅረት የለበትም። ከመንገድ ወጣ ብለው ሦስት አራት ሣጥኖች ሳይከፈቱ ቢቀሩ ግን ከማንኛውም የሐዘን ንግግር የበለጠ ይናገራሉ።

መጨረሻ ድምፅ። በውጊያ መሀል በዘፈቀደ የሚሰሙ አጫጭር ንግግሮች አሉ፤ «ፈውሺኝ!» ብሎ የሞተችውን በስም የሚጠራ አንድ መስመር ካመለጣችሁ ሁለት ሰዓት የተደከመበት ሐዘን ባንዴ ይፈርሳል። የንግግር ሠንጠረዡ ላይ «ይህ መስመር እንዲሰማ ማን በሕይወት መኖር አለበት» የሚል ዓምድ ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱ። መጨረሻ ላይ ልሙላው ካላችሁ አይሞላም።

#5 ጥላ_ወጊ

ከሁላችሁም የተለየ አስተያየት አለኝ። «ባዶ ቦታ ነው የሚያመው» የሚለው ሞርዲንን አያስረዳም። ማስ ኢፌክት 3 (2012) ላይ ሞርዲን የውጊያ ቡድኑ አባል አይደለም። ሲሞት አንድም ውጊያ አይከብድም፣ አንድም ቦታ አይጎድልም። ሆኖም ከተከታታዩ ሞቶች ሁሉ ከሚያሙት ግንባር ቀደሙ እሱ ነው፤ ወደ ግንቡ አናት እየወጣ፣ መድኃኒቱን እየለቀቀ፣ ያንን ዘፈኑን እያንጎራጎረ።

ያ ያመመው ሰውየው የራሱን ሥራ ስህተት በራሱ እጅ ሊያርም ስለሄደ ነው። ክሮጋን የሚባሉት ፍጡራን እንዳይዋለዱ ያደረገውን በሽታ ሲያሻሽል የነበረ ሳይንቲስት ነው። ሞቱ ከማንነቱ ይወጣል።

#6 የማታ_ኮከብ

ጥላ ወጊ፣ ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው፤ ተቀብያለሁ። ሆኖም ሞርዲን ማስ ኢፌክት 2 ላይ የቡድን አባል ነበር፣ ሴቩም ወደ 3 ይሻገራል። ባዶው ቦታ ቀድሞ የተሠራ ነው። ደግሞ እዚያ ተጫዋቹ ሞርዲንን ራሱ ከጀርባው ተኩሶ ማስቆም ይችላል፤ እጁ ከጉዳዩ አልወጣም። ስለዚህ ሐሳቤን ላስተካክል፦ የሚያመው የተጫዋቹ እጅ የነበረበት ነገር ሲቋረጥ ነው። ያ እጅ ውጊያ ሊሆን ይችላል፣ ውሳኔም ሊሆን ይችላል።

#7 ሦስተኛ_ዙር

ውሳኔ ካነሳችሁ ወደ ማስ ኢፌክት 2 (2010) የመጨረሻ ተልእኮ እንግባ። በተጫዋች ውሳኔ የሚመጣ ሞት እንደዚያ በዝርዝር የተሠራበት ጌም ጥቂት ነው፤ ጥሩ ጎኑም ጉድለቱም እዚያው ይታያል።

መርከቧ ሦስት ማሻሻያ ያስፈልጋታል፦ የብረት ሽፋን፣ ጋሻና መድፍ። እያንዳንዱ ሲጎድል ገና የጠላት ሰፈር ሳይደረስ አንድ ሰው ይሞታል፤ ሽፋኑ ከሌለ ጃክ ናት። የመርከቡ ሠራተኞች ከተጠለፉ በኋላ ወዲያው ካልሄዳችሁና ከአንድ እስከ ሦስት ተልእኮ ከሠራችሁ ግማሹ ያልቃል፤ ከዚያ ካለፈ ከዶክተር ቻክዋስ በቀር የሚተርፍ የለም። ቱቦ ውስጥ የሚገባው ታሊ፣ ሌጂዮን ወይም ካሱሚ መሆን አለበት፣ ታማኝነቱም የተረጋገጠ። የሁለተኛው ቡድን መሪ ጋረስ፣ ጃኮብ ወይም ሚራንዳ። የባዮቲክ ከለላውን (በልዩ ኃይል የሚሠራ ጋሻ) የሚይዙት ጃክ ወይም ሳማራ፣ ሳማራን በሞሪንት የተካም ሞሪንትን።

እስከዚህ ያለው ፍትሐዊ ነው። ተጫዋቹ ሰዎቹን ካዳመጠ መልሱን ያውቃል። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። ወደ ኋላ ቀርተው በሩን የሚይዙት ሰዎች የተደበቀ ነጥብ አላቸው፦ ግረንት፣ ዛዒድና ጋረስ 4፣ ሌጂዮን፣ ቴን፣ ሳማራ፣ ጃኮብና ሚራንዳ 2፣ ጃክ፣ ካሱሚ፣ ታሊና ሞርዲን 1። ታማኝ ያልሆነ አንድ ይቀነስበታል። የቀሩት አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አማካያቸው 2 መሙላት አለበት፤ ካልሞላ ሰው ይሞታል፣ ከታማኞቹ መሀል ቀድሞ የሚነካውም ሞርዲን ነው። ተጫዋቹ ግረንትንና ጋረስን ይዞ ወደ መጨረሻው ቦስ ሲሄድ ሽማግሌውን ሳይንቲስት እየገደለው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ስሜቱ የሚጠፋው እዚህ ነው። ምክንያቱ ያልታየ ሞት ተጫዋቹን ወደ መመሪያ ገጽ ይልከዋል፤ መልሱን አንብቦ ሲመለስ ለቅሶው ፈተና ሆኖ ያገኘዋል። መፍትሔው ከባድ አልነበረም። በሩ ላይ ከሚቀሩት አንዱ «እዚህ ክንደ ብርቱ ሰው ይቅርልን» ቢል ኖሮ ሂሳቡ ሳይቀየር ሞቱ የተጫዋቹ ይሆን ነበር።

ከዚህ ይልቅ የ2007ቱ የመጀመሪያው ማስ ኢፌክት የቪርማይር ተልእኮ ቀላልና ጠንካራ ነው። ከሁለቱ ጓዶች የሚተርፈው ኬይደን ወይስ አሽሊ? ሁለት ቦታ፣ አንድ መድረስ። የተደበቀ ቁጥር የለም፣ ሁለቱን የሚያተርፍ ብልሃትም የለም።

#8 ብረት_ልብ

እዚህ ያልተነሳው በሕግ የሚመጣው ሞት ነው፤ ማንም ያልጻፈው፣ ዳይስ (ዕድል) ያመጣው።

ፋየር ኢምብለም ከ1990 ጀምሮ የወደቀ ወታደር አይመለስም ይላል። የሚያስከትለውም ይታወቃል፦ ተጫዋቹ ሪሴት ያደርጋል (ከሴቩ እንደገና ይጀምራል)። ሠሪዎቹ ይህን አይተው በ2010 የወደቀው በሚቀጥለው ምዕራፍ የሚመለስበትን ቀለል ያለ ሁነታ አስገቡ። ከዚያው ተከታታይ በ2017 ኤኮስ ላይ፣ በ2019 ደግሞ ስሪ ሃውስስ ላይ በተቆጠረ መጠን ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ተፈቀደ። ይህ የመጨረሻው ብልህ ነው። ሪሴት ማድረግ ነጻ ነው፣ መመለሻው ግን ያልቃል። ካለቀ በኋላ የሚሞተው ሰው «ለእሱ የሚበቃ አላስቀረሁም» ያሰኛል።

ዳርከስት ደንጀን (2016) ሌላ መንገድ ሄደ። ሴቩ አንድ ነው፣ ራሱ ይይዛል፣ ወደ ኋላ የለም። ኤችፒ ዜሮ ሲደርስ ሰውየው ወዲያው አይሞትም፤ የሞት ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚደርስበት እያንዳንዱ ምት 67 በመቶ የመትረፍ ዕድል አለው። አስሉት፦ አንድ ምት 67፣ ሁለት ምት 45 ገደማ፣ ሦስት ምት 30። አንዲት ነጥብ ፈውስ ከደጃፉ ታነሳዋለች። ማለትም ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ተራ «ላክመው ወይስ ጠላቱን ልጨርስ» ብሎ ይመርጣል። ሲሞት ዳይስ ገደለው አይልም፤ ያላከመባት ተራ ትታወሰዋለች። የቀሩትም ጭንቀታቸው ይጨምራል፣ ስሙም መካነ መቃብሩ ላይ ይጻፋል።

ቫልኪሪያ ክሮኒክልስ (2008) ደግሞ የወደቀው ወታደር ሜዳው ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። በሦስት ተራ ውስጥ ጓዱ ደርሶ ከነካው ሐኪም ይወስደዋል፤ ጠላት ከቀደመ ወይም ተራው ካለፈ ለዘላለም ሄደ። ሦስት ተራ ብዙ ይመስላል። ድልድዩ ማዶ ለወደቀ ሰው ግን ትንሽ ናት፤ ለእሱ ሲባል ዕቅዱ ሁሉ ይፈርሳል።

በማይመለስ ሞት ስሜት የሚፈጥረው ከዕድሉ ቁጥር ይልቅ በመውደቅና በመሞት መሀል ያለው ጊዜ ነው። ከሙሉ ጤና በአንድ ክሪቲካል (ድንገተኛ ከባድ) ምት የሚገድል ጌም የሚያተርፈው ድንጋጤ ብቻ ነው።

#9 ሰማያዊ_ቀለም

ለብረት ልብ ድጋፍ፦ የፖኬሞን ተጫዋቾች ራሳቸው ያወጡት ነዝሎክ የሚባል ሕግ አለ። በየአካባቢው መጀመሪያ የተገኘውን ብቻ መያዝ፣ የወደቀውን እንደ ሞተ ቆጥሮ ዳግም አለመጠቀም። ሦስተኛው ደግሞ ለእያንዳንዱ ስም ማውጣት። የሚያስለቅሰው ይህ ሦስተኛው ነው። ጌሙ ራሱ አንድም የሞት ትዕይንት የለውም፣ ሙዚቃው አይቀየርም፣ ማንም አይናገርም። ስም ብቻ ይበቃል።

#10 አዲስ_ገቢ

ጥያቄ አለኝ። ሃያ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ጌም ውስጥ ጓዱ መቼ ቢሞት ይሻላል? መጀመሪያ ላይ ከሆነ አይታወቅም፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚጎድልበት ጊዜ የለም።

#11 ኮድ_ጸሐፊው

መልሱን ራስህ ጀምረኸዋል። ከሰዓቱ ይልቅ ውጊያውን ቁጠር። ጓዱ ቢያንስ ሁለት ቦስ ላይ ሌላ ማንም የማይሠራውን ሥራ የሠራ ይሁን፤ ከሞተ በኋላም ያ ሥራ የሚያስፈልግበት አንድ ቦስ ይቅር። ለሃያ ሰዓት ጌም ከስምንተኛው እስከ አስራ ሁለተኛው ሰዓት ይመቻል ባይ ነኝ። ፋይናል ፋንታሲ 6 (1994) ላይ ጄኔራል ሊዮን ተጫዋቹ የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሞቱ ያስቆጣል፣ ክፉውን ኬፍካን ያስጠላል። ያ የታሪኩን ሥራ ይሠራል፣ ግን ሊዮ በማግሥቱ አይናፍቅም።

አንድ ነገር አታድርግ፦ ከመሞቱ በፊት ባለው ምዕራፍ ድንገት ስለ ልጅነቱ እንዲያወራ፣ «ይህ ሲያልቅ ቤት እሠራለሁ» እንዲል አታድርገው። የለመደ ተጫዋች ወዲያው ያውቃል፣ ትጥቁንም ያወልቃል። የሚሞተውንም የማይሞተውንም እኩል አስወራቸው።

#12 የማታ_ኮከብ

ከሞቱ በኋላ ስላለው ግማሽ ሰዓት ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ብዙ ጌም የሚወድቀው እዚያ ይመስለኛል። ትዕይንቱ አልቆ ካርታው ሲከፈት ወዲያው «አምስት እንቁራሪት አምጣልኝ» የሚል የጎን ተልእኮ ብልጭ ካለ ሁሉም ነገር ይረክሳል። ለቀጣዩ አንድ ቦታ የጎን ተልእኮ ምልክቶቹን ደብቁ። ካምፕ ካለ መቀመጫዋን አታንሱ። የቀሩት ጓዶች ሁሉም አንድ ላይ አይዘኑ፤ አንዱ ዝም ይበል፣ አንዱ ይቆጣ፣ አንዱ ስሟን መጥራት ይተው። የማስ ኢፌክት 3 መርከብ ላይ ያለው የስም ሰሌዳ ማንም «ሂድና እየው» ሳይል ግድግዳው ላይ አለ፤ እንደዚያ ይሻላል።

ለተጫዋቹም እንጠንቀቅለት። ለልብ ወለድ ሰው ማዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ በቅርቡ ሰው የሞተበት ሰው ላይ ሳያስበው ሊወድቅበት ይችላል። ከትዕይንቱ በኋላ ወዲያው ሴቭ ማድረግ ይቻል፣ ተቀምጦ ለመነሳት የሚፈልግ ሰው ሌላ አርባ ደቂቃ አይታገት። ትዕይንቱ መሀል ላይ ፖዝ ይሥራ። በሁለተኛ ጨዋታ መዝለል ይፈቀድ።

#13 ሦስተኛ_ዙር

ስለ መመለስስ? ሱይኮደን 1 (1995) ላይ ጓዱ ግሬሚዮ የሚነሳው 108ቱም ኮከቦች (የሚመለመሉት ጓዶች) ከተሰበሰቡ ነው፤ ለዚህም ሌላው ጓድ ፓን ከጄኔራል ቴኦ ጋር ያደረገውን አንድ ለአንድ ውጊያ በሕይወት ማለፍ አለበት። ክሮኖ ትሪገር (በዚያው ዓመት) ደግሞ ዋናውን ሰው ራሱን ይገድላል፤ ለማስነሳት ከበዓሉ ሜዳ ድንኳን በ40 ነጥብ እሱን የሚመስለውን አሻንጉሊት ማግኘት፣ ከዚያ የሞት ተራራን መውጣት ያስፈልጋል። ሳያስነሱት ጌሙን መጨረስም ይቻላል። ሞትን የሚያረክስ መመለስ በነጻ የመጣው ነው፤ እነዚህ ያስከፍላሉ።

#14 ጥላ_ወጊ

በነጻ የሚመለስበት ሌላ መንገድ ሎድ ማድረግ (ከተቀመጠው ጨዋታ መቀጠል) ነው። አንደርቴል (2015) ላይ ቶሪየልን ገድሎ፣ ተጸጽቶ፣ ሎድ አድርጎ ያተረፋትን ተጫዋች ፍላዊ የተባለው ገጸ ባህሪ ያውቅበታል፣ ይነግረዋልም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ «አንዴ ገድሏታል» የሚለው ምልክት ሎድ ሲደረግ በማይመለስ በሌላ ፋይል ላይ ይጻፋል። ይህን ስትሠሩ ተጫዋቹን ለመቅጣት አትጠቀሙበት፤ አንድ መስመር ንግግር ይበቃል።

#15 ባለ_ጦሩ

ለአዲስ ገቢ አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከፋይናል ፋንታሲ 6። ተንሳፋፊው አህጉር ሲፈርስ ስድስት ደቂቃ ይሰጣችኋል። መርከቡ አጠገብ ስትደርሱ መዝለል ወይም መጠበቅ ትችላላችሁ። ሰዓቱ 5 ሰከንድ እስኪቀር ከጠበቃችሁ ጓዳችሁ ሻዶ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት ከዘለላችሁ ለዘላለም የለም። ምንም ውጊያ፣ ምንም ዳይስ የለበትም፤ ወደ ዜሮ የሚወርድ ሰዓትና አንድ ቃል ብቻ።

የሲድም እንዲሁ ነው። ዓለም ከፈረሰ በኋላ ጓዷ ሴሌስ ደሴት ላይ የታመመውን ሲድ ዓሣ እየያዘች ታበላዋለች። ፈጥነው የሚዋኙት ይሻሉታል፣ ቀስ የሚሉት ይጎዱታል፤ ጌሙ ይህን አይነግራትም። የተቸኮለ ተጫዋች በቀላሉ የሚያዘውን ዘገምተኛውን ያነሳል። ሲድ ተረፈም ሞተም ሴሌስ ከደሴቱ የምትወጣበትን ታንኳ ታገኛለች። ከተረፈ ራሱ ይሰጣታል፤ ከሞተ ታንኳው የት እንዳለ የሚነግራት ትቶላት የሄደው ደብዳቤ ነው።